ለቻይናው ወገብ ሽማግሌ ሆኜ

በእኛ ዌርሃውስ የእረፍት ክፍል የሚወራው ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ፣ ኦሃዮ በሕዝብ ብዛት ቻይናን ጥላት ትሄድ ነበር።

የምንሠራው ግሮቭ ሲቲ ነው። መጋዘኑ ከመርዘሙ የተነሳ በዚህኛው በር ጎረምሳ ሆኖ የገባ በዚያኛው በር ሸብቶ ይወጣል። እኔ ከሸበቱት ወገን ነኝ፤ ጭነት ማንሻውን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ገብተን ለምሳ ስንለቀቅ፣ ከማይክሮዌቩ ፊት እንሰለፍና የወንድነት ወሬ እንጀምራለን። አብዛኞቻችን ከወሎና ከአዲስ አበባ የመጣን፣ ሃምሳን የተሻገርን፣ ስንቀመጥ ጉልበታችን እንደ ደረቅ እንጨት የሚንቋቋ፣ መነጽር ካላደረግን የራሳችንን ምሳ ከሰው ምሳ የማንለይ ነን። በወሬ ግን አንዳችንም ከሃያ አምስት አናልፍም።

የውሸቱ ሊቀመንበር እኔ ነበርኩ። «ሚስቴ በሳምንት አንድ ቀን ኦፍ ስጠኝ ብላ ማመልከቻ አስገብታለች» ብዬ አውቃለሁ፤ ወላሂ ያመነኝ ሰው አለ። ዌስተርቪል ባለው መኝታ ቤቴ ግን ዓመት ሊሞላው የተቃረበ የተኩስ አቁም ሰፍኖ ነበር። ስምምነቱን የፈረመው ሰውነቴ ብቻውን ነው፤ እኔንም ሚስቴንም አላማከረንም።

ከጠረጴዛው ጫፍ ቻይናው ይቀመጣል። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። አሜሪካ እንደመጣ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ጠበሰ፤ ከኩሽናው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ከአምስት ወንዶች ጋር ተደራርቦ አደረ፤ ጉልበቱ ምድጃ ፊት መቆም ሲያቅተው ወደኛ መጣ። ሐምሌ ላይ እንኳ ከፔርሙዝ የፈላ ውሃ ነው የሚጠጣው። እኛ ስንዋሽ እሱ ሩዙን ያኝካል። መጀመሪያ እኛ «ቻይናው» እንለው ነበር፤ እሱም ሁላችንንም ባንድ ላይ ጠቅልሎ «አፍሪካ» ይለን ነበር። ኋላ ሰው ሁሉ እኔን ጋሼ ሲለኝ ሰምቶ ጋሼ አለኝ፤ እኔም በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ አልኩት። ሁለት ጋሼዎች ሆንን። አንቱታውን ግን ትተነዋል፤ ፎርክሊፍት ላይ ሆኖ አንቱ መባባል ብሬክ ያዘገያል።

አንድ ቀን በመኸር ወራት ፔርሙዙን አስቀመጠና የሚስቱ ቪዛ መውጣቱን ነገረን። አሥራ አንድ ዓመት ተለያይተዋል። እሷ መንደራቸው ቀርታ ልጃቸውን አሳድጋ ድራለች፣ የእሱን እናት አስታማ ቀብራለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ትመጣለች።

ጠረጴዛው ተነቃነቀ። እንኳን ደስ አለህ የሚለው ባንድ ትንፋሽ አለቀና ወደ ዋናው ጉዳይ ተገባ። አንዱ ወገብህን አጥብቅ አለው፤ ሌላው አልጋው ከተሰበረ ዕቃ የምንደረድርበትን የእንጨት ፓሌት እናመጣልሃለን አለው። እኔ ሊቀመንበሩ ደግሞ፣ ከወዲሁ ለሱፐርቫይዘሩ የሁለት ሳምንት የሕመም ፈቃድ እንዲያስገባ መከርኩት። ፈገግ አለ። ፊቱ ግን ግድግዳ መሰለ።

በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ፓርኪንጉ ላይ መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲበላ አገኘሁትና በሩን ከፍቼ ገባሁ።

እኔና እሱ የምንግባባበት ቋንቋ በዓለም ላይ ሁለት ተናጋሪ ብቻ ያለው ነው፤ ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ሩቡ አማርኛ፣ የቀረው እጅ። እዚህ ላይ የሱን ንግግር ሁሉ ያቃናሁት እኔ ነኝ።

«ደውዬ አትምጪ ልላት ነው» አለኝ።

ለምን አልኩት።

«ኩላሊቴ ሞቷል።»

ደነገጥኩ፤ ሆስፒታልና ማሽን ምናምን ታየኝ። እሱ ግን እጁን ቁልቁል ጠቆመ። በነሱ ዘንድ የወንድ ጉልበት የሚቀመጠው ኩላሊት ውስጥ ነው አሉ። በኛ ደግሞ ወገብ ነው። የሰው ልጅ፣ ቻይና ይወለድ ደሴ፣ ነገሩን ካለበት ቦታ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ነው የሚጠራው።

«አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀችኝ» አለ። «ያን ሁሉ ባሕር ተሻግራ መጥታ የምታገኘው ይሄን ነው። ሥራ በዝቷል፣ የዓመቱ መጨረሻ ይለፍ እላታለሁ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር እላታለሁ።»

ቀልድ ፈልጌ አጣሁ። በሃምሳ አንድ ዓመቴ እንዲህ ሲገጥመኝ ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው ጥርሴ በጉጠት ሲነቀል ነው።

ከዚያ የመኪናውን የኋላ ትራንክ ከፍቶ አንድ ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ አሳየኝ። ቢጫ ፈሳሽ፣ ሥራ ሥር፣ ቀያይ ፍሬ አለበት፤ መካከል ላይ ደግሞ ጣት የምታክል፣ ፊቷ ቁርጥ ፈረስ የሆነ የባሕር እንስሳ ተንሳፍፋ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚህ ጠዋትና ማታ አንዳንድ ሲኒ ይጠጣል። ሳሸተው አረቄ ነው። እኔ ሙስሊም ነኝ አልኩት። መድኃኒት ነው አለኝ። ስንት ቀን ይፈጃል አልኩት። ከምግብ በፊት ነው ከምግብ በኋላ? ሰው ባይጠጣውና ቢቀባውስ? ማሰሮውን እንዳቀፈ ረጅም ጊዜ አየኝ። ለጠቅላላ ዕውቀት ነው አልኩት።

በልዋጩ እኔ ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሼ አመጣሁለት፤ እናቴ ከጉንፋን ጀምሮ እስከ ፈተና መውደቅ ድረስ ለሁሉም የምትሰጠን ነበር። አንድ ሳምንት በላው። ቃር ብቻ ነው ያተረፈው። እኔም ከማሰሮው በፕላስቲክ ኮዳ አስቀድቼ፣ መታጠቢያ ቤት ቆልፌ ወገቤን አሸሁበት። አልጋ ውስጥ ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ፣ «የሸተተኝ የመኪና ባትሪ ነው ወይስ አንተ ነህ?» አለችኝ። ጋራዥ ውስጥ ስሠራ ነበር አልኳት። አምፖል እንኳ ቀይሬ እንደማላውቅ ታውቃለች። መስኮቱን ከፍታ ተኛች።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ነዳጅ ልቀዳ ቆሜ፣ ገንዘብ መቀበያው ላይ ከላይተሮቹ ጎን፣ አንበሳና ንብ የተሳለባቸው፣ ለወንድ ጉልበት የሚሸጡ ትንንሽ የማር ፓኬቶች አየሁ። አንበሳና ንብ ባንድ ወረቀት ላይ ያየ ወሎዬ ምን ያስብ? ማር መቼም ሐላል ነው። አንድ ለእኔ አንድ ለእሱ ገዛሁ። የኔን መኪናው ውስጥ ደበቅኩትና ለመጀመሪያው ሙከራ ቻይናውን መረጥኩ። ሳይንስ የሚሠራው እንዲህ ነው።

በማግስቱ በሻይ ሰዓት መጠጠው። ሰዓት ሳይሞላ ፊቱ ቲማቲም መሰለ፤ ከዚያ ነጣ። ካርቶን እንዳቀፈ ፓሌት ላይ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ጋደም አለ። ፎርክሊፍቱን ባለበት ትቼ ሮጥኩ። ልቡ በሸሚዙ ላይ ስትዘል ትታያለች። ሌላ የምትወስደው ነገር አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ የግፊትና የልብ ኪኒን እንደሚውጥ ያን ጊዜ ነገረኝ። ሁለት ዓመት አንድ ጠረጴዛ ላይ በልተናል። ስለ ወገብ ያላወራነው አልነበረም፤ ስለ ልብ የጠየቀ ግን የለም።

ሱፐርቫይዘሩ አምቡላንስ ሊጠራ ሲል ቻይናው እጄን ጨምድዶ ያዘና ራሱን ነቀነቀ። ወሬው እንዳይወጣ ነው። እኔ እወስደዋለሁ አልኩ። ስህተት ነበር፤ ሐኪሟም ኋላ ስህተት መሆኑን ነግራኛለች፣ ኮሪደሩ ሁሉ እስኪሰማ። በመንገዱ ሁሉ ያየሁት አስፋልቱን ሳይሆን የእሱን ደረት ነው፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን። ሴትየዋ ሻንጣ እያዘጋጀች ነው፤ እኔ ደግሞ በማር ባሏን ገድዬ ልጠብቃት ነው።

ክሊኒክ እንደደረስን ደረቱ ላይ ገመድ ለጣጥፈው ልቡን አዩ፤ መርፌ ሰጥተው ሲጠብቁት ዋሉ። ማምሻው ላይ ግፊቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሐኪሟ ያን ጊዜ ወንበር ስባ ፊቱ ተቀመጠች። በኔ ዕድሜ ያለች፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ትዕግሥቷ ጠባብ ሴት ነች። በስልክ አስተርጓሚ አቀረበችለት። ከስልኩ የወጣው የወጣት ሴት ድምፅ ነው፤ የልጁ እኩያ ሳትሆን አትቀርም። ቻይናው ድምጿን እንደሰማ ጉልበቱን እንደሚያመው ያስረዳ ጀመር። ስለ ጉልበቱ ብዙ ከተወያዩ በኋላ ወደኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ አንተ ንገርልኝ።»

ይሄ እንግዲህ የኔ ሙያ ነው። በኛ አገር ወንድ ልጅ ሚስት ሲፈልግም ከሚስቱ ሲጣላም ራሱ አይሄድም፤ ሽማግሌ ይልካል። ከባድ ነገር በባለቤቱ አፍ አይነገርም። ስለዚህ ተነሳሁ፤ ጃኬቴን አስተካከልኩ፤ ጋቢ ቢኖር እደርበው ነበር። ጓደኛዬ የተከበረ ሰው መሆኑን፣ ለፍቶ አዳሪ መሆኑን፣ ቤተሰቡን ሳይረሳ አሥራ አንድ ዓመት መቆየቱን ዘረዘርኩ። ባለቤቱ ልትመጣ መሆኗን ገለጽኩ። ወደ ወገብ አካባቢ ስቃረብ ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ይቆማል ወይስ አይቆምም?»

ጎማ ቤት ስለ ጎማ እንደሚጠየቀው ነው የጠየቀችው። ስልኩ ውስጥ ያለችውም ልጅ ሳትደናቀፍ ተረጎመችው። ሽማግሌው ተቀመጠ።

ስለ ማሩ ስትጠይቅ መሬት መሬት አየሁ። እንዲህ ያሉ ፓኬቶች ውስጥ፣ ላያቸው ላይ ያልተጻፈ ኃይለኛ መድኃኒት ተደባልቆ እንደሚገኝ፣ ከልብ ኪኒን ጋር ሲገናኝ ሰው እንደሚገድል ነገረችን። ማን ሰጠህ አለችው። ራሴ ገዛሁት አላት። ወደኔ ዞሮ እንኳ አላየም።

ከዚያ ፎርሙ ላይ ያለ ጥያቄ ነው ብላ፣ ከስንት ሴት ጋር እንደነበረ ጠየቀችው። ዜሮ አለ። የጠየቅኩህ ስለዚህ ወር ብቻ አይደለም አለችው።

«ከመጣሁ ጀምሮ» አለ። «ሚስቴ ያለችው ቻይና ነው።»

አንድ ምሳ ሳያልቅ አምስት መቶ ሴት በሚቆጠርበት ጠረጴዛ ላይ፣ ጫፉ ላይ ሆኖ ሩዙን ሲያኝክ የኖረው ይሄ ሰውዬ ነው። ሐኪሟ ጻፈች። የኤችአይቪውንና የሌላውንም ምርመራ እንደማንኛውም ሰው እናደርግልሃለን አለችው፤ ደስ እያለው ክንዱን ዘረጋ። ከዚያ ወደኔ ዞራ የምትጨምረው አለ ወይ አለችኝ። የለም፣ ጨርሰናል ብዬ ልነሳ ስል ቻይናው ትከሻዬን ያዘ።

«ጋሼም እንደኔ ነው» አለ።

ሽማግሌ ሆኜ በሄድኩበት ቤት ተዳርኩ። ከየት አመጣኸው ብዬ ኋላ ስጠይቀው፣ ለጠቅላላ ዕውቀት የሚጠይቅ ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅ አይጠይቅም አለኝ።

ጣቴን ወጋች። የማሽኑን ቁጥር አየችና ሌላ ጣት ወጋች። ብዙ ውሃ ይጠማሃል ወይ፣ ለሽንት ትመላለሳለህ ወይ አለች። ዕድሜ መስሎኝ ነበር። ስኳር ነው። ለማረጋገጥ ከክንዴም ደም ቀዳች፤ ፊቷ ግን አስቀድሞ አረጋግጦ ነበር። እዚያ አካባቢ ያሉት የደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ፣ ስኳርም ሆነ ግፊት ሲያበላሻቸው ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው አለችን። ዓመት ሙሉ ከዳኝ ብዬ የተቀየምኩት አካሌ፣ ለካ ከቤተሰቡ ሁሉ እውነት የሚናገር እሱ ብቻ ኖሯል።

ለእሱ አንዱን ኪኒን ቀየረችለት፤ የፈለገውን መድኃኒት ግን የልብ ሐኪም ሳያየው እንደማትሰጠው፣ ነገሩ ወራት ሊወስድ እንደሚችል ነገረችው። እስከዚያ ከሚስትህ ጋር ተነጋገር አለችው። ሚስቱ የምትሳፈረው በዘጠነኛው ቀን ነው።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተር ሳናስነሳ ተቀመጥን። ስልኩን አወጣ። እዚያ ገና እየነጋ ነው።

«ወራት ይፈጃል አለች» አለኝ። «ሰማህ አይደል? አትምጪ እላታለሁ።»

አትዋሻት፣ እውነቱን ንገራትና ራሷ ትወስን አልኩት።

«አንተ ለሚስትህ ነግረሃል?»

አልነገርኩም አልኩ።

«እንግዲያው ዝም በል፣ ጋሼ።»

በሕይወቴ እንዲህ በትክክለኛ ቦታው «ዝም በል» ተብዬ አላውቅም። ስልኩን ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፎ ደወለ። የሚስቱ ፊት ወጣ፤ ጸጉሯን ገና እያሰረች ነበር። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ቋንቋቸውን አልሰማም፤ ሰው ሲዋሽ ግን በየትኛውም ቋንቋ አውቃለሁ፣ ሊቀመንበር ነኝ። ስለ ሥራ ብዛት ሲጀምር ድምፁ እንደኛ የምሳ ሰዓት ድምፅ ነበር። ከዚያ መሀል ላይ ቆመ። ሲቀጥል ቀስ ብሎ፣ ባጭር ባጭሩ ነበር የሚናገረው፤ አንድ ጊዜ ደረቱን፣ አንድ ጊዜ ክሊኒኩን እያሳያት። ሲጨርስ ከወዲያ በኩል ድምፅ ጠፋ። በር ስከፍት ድምፅ ባይሰማ ኖሮ ወርጄ ከመኪናው ሥር በገባሁ።

ከዚያ ሳቀች። ረጅም ሳቅ ነው፤ ሲያልቅ ወደ ሌላ ነገር የሚዞር ዓይነት። ከዚያ ያለማቋረጥ ብዙ ተናገረች። እሱ ጆሮው ድረስ ቀላ። ስልኩ ሲዘጋ በሁለት እጁ ይዞት ቀረ።

ምን አለች አልኩት።

«ከአራት ዓመት በፊት ኦፕራሲዮን ተደርጋ ማሕፀኗን አውጥተውታል» አለ። «አልነገረችኝም። አትምጪ ይለኛል ብላ ፈርታ ነው። ቪዛው ከወጣ ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «አሁንም ልምጣ ወይ አለችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ወፍራም ካፖርት ያዢ፣ እዚህ ይበርዳል አልኳት።»

እሱን አድርሼ ወደ ዌስተርቪል ስነዳ ለሚስቴ የማቀርበውን ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። እሷ ሽማግሌዎችን በየቤታቸው የምትንከባከብ ናት፤ ወጥ ቤት ቆማ፣ ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ ሳህን ስታጥብ አገኘኋት። በአላህ ሥራ ጀምሬ፣ በሰው ልጅ ደካማነት በኩል አድርጌ፣ ወደ ወገብ ልወርድ ስል አቋረጠችኝ።

«ስኳር ነው አይደል?»

ማን ነገረሽ አልኳት።

«ሌሊት አምስቴ ትነሳለህ፤ ደንቆሮ ነኝ እንዴ?» አለች። «ተመርመር ብልህ ስንቴ ቀልደህ አለፍከኝ? መጀመሪያማ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በደንብ አየሁህ።»

ይህን ብላ ሳህን ማጠቧን ቀጠለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ «በሌላው ነገር እንኳ አልተቀየምኩህም፤ የተቀየምኩህ ባዳ ስላደረግከኝ ነው» አለችኝ። ፎጣ አንስቼ ሳህን አደረቅኩ፤ ሁለት ሰበርኩ።

በሳምንቱ ምሳ ሰዓት ላይ ስኳር እንዳለብኝ፣ ስኳሩም ምን ምን እንዳደረገኝ ለጠረጴዛው ተናገርኩ። የቻይናውን ነገር አላነሳሁም። ሳቁብኝ፤ እንደሚገባኝ አድርገው ሳቁብኝ። ከሳቁ በኋላ ግን ከመውጫ ሰዓት በፊት ሦስት ሰዎች በየተራ ወደ ፎርክሊፍቴ መጥተው የክሊኒኩን አድራሻ ጠየቁኝ። ሦስቱም ለጓደኛቸው ነው።

ሚስቱ የመጣች ዕለት ኤርፖርት አብሬው ሄድኩ። አጠር ያለች ሴት ናት፤ ካፖርቷ ከሷ ይበልጣል። አንድ ክንድ ያህል ተራርቀው ቆሙ፤ ማንም ማንንም አላቀፈም። ከዚያ እሱ ሻንጣዋን ያዘ። እሷ ቀማችው። ልብህ የታመመ ሰው ነህ ያለችው ይመስለኛል። እሱም መልሶ ቀማት። አሥራ አንድ ዓመት ተለያይተው ሳይሆን አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሻንጣ ሲጎትቱ እንደኖሩ ሰዎች እየተጨቃጨቁ እስከ ፓርኪንጉ ድረስ ሄዱ፤ እኔ ባዶ እጄን ተከተልኳቸው።

ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ፤ እኔ ሾፌር ሆንኩ። ሀይዌዩ ላይ ስንወጣ ጭቅጭቁ ቆመ። በመስታወቱ ሳይ የእሱን የኪኒን ጠርሙስ ይዛ፣ በማታነበው ቋንቋ የተጻፈውን እያገላበጠች ታየዋለች፤ እሱ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ያስረዳታል። ጠዋት ይህን፣ ማታ ያንን። ቀልድ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። መስታወቱን ወደ ጣሪያው አዞርኩትና መንገዴን ነዳሁ።